ጌትዌዩ የት ይቀመጥ? ፋየርዎልን ከስዊች ጋር ስለማገናኘት ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የዌብ፣ የአፕሊኬሽንና የዳታቤዝ ሰርቨሮቻችንን በቪላን (በስዊቹ ላይ በተከፈለ ምናባዊ ኔትወርክ) 10፣ 20 እና 30 ለይተናል። ፋየርዎሉን ከኮር (ከዋናው) ስዊች ጋር በትራንክ (ብዙ ቪላኖችን በአንድ መስመር በሚያሳልፍ ግንኙነት) አገናኝተን ሕጎቹንም ጽፈናል። ሆኖም ከዌብ ሰርቨሩ ወደ ዳታቤዙ የፈለግነው ፖርት ሁሉ ይከፈታል፤ በፋየርዎሉ ሎግ ላይ ግን አንድም መስመር የለም። ምን ጎደለን?

መልስ፦ ሎጉ ባዶ ከሆነ ትራፊኩ ፋየርዎሉ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው። ቪላን ብሮድካስትን ይለያል እንጂ በራሱ መንገድ አይዘጋም። በኮር ስዊቹ ላይ ሦስቱም ቪላኖች አይፒ ያለው ኤስቪአይ (በስዊቹ ላይ ለቪላኑ የተሠራ ምናባዊ ኢንተርፌስ) ካላቸው፣ ስዊቹ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ፋየርዎሉም ዳር ቆሞ ይቀራል። ፋየርዎል የሚቆጣጠረው በውስጡ የሚያልፈውን ብቻ ነው፤ ምን እንደሚያልፍበት የሚወስነው ደግሞ ስዊቹ ነው። ስለዚህ ሕግ ከመጻፍ በፊት ጌትዌዩን (ከቪላኑ የሚወጣ ትራፊክ የሚያልፍበትን አድራሻ) ከስዊቹ ወደ ፋየርዎሉ ማዛወር ይቀድማል።

ሦስቱንም በአንድ ሌሊት አያዛውሩ። መጀመሪያ በኮሩና በፋየርዎሉ መካከል ሰርቨር የማይገባበት የትራንዚት ቪላን ይክፈቱ፤ ለአድራሻው /29 ይበቃዋል። ቀጥሎ በፋየርዎሉ ትራንክ ላይ ለቪላን 30 ታጉ (የቪላን መለያው) 30 የሆነ ሰብ-ኢንተርፌስ (የትራንኩ አንድ ክፍልፋይ) ይፍጠሩና ለጊዜው ዝግ ያድርጉት። አድራሻው በስዊቹ ላይ የነበረው ራሱ ይሁን፤ የቀድሞው ጌትዌይ 10.0.30.1 ከነበረ አሁንም 10.0.30.1። እንዲህ ከተደረገ በሰርቨሮቹ ላይ የሚነካ ነገር አይኖርም። በመቀየሪያው ሰዓት ኤስቪአዩን ዘግተው ሰብ-ኢንተርፌሱን ይክፈቱ። ኮሩ ላይ ወደ 10.0.30.0/24 የሚወስድ ራውት (የመንገድ መመሪያ) በትራንዚቱ በኩል ወደ ፋየርዎሉ ይጻፉ፤ በፋየርዎሉም ላይ ገና ኮሩ ላይ ወዳሉት ወደ ቪላን 10 እና 20 የሚመልሰውን ራውት አይርሱ። ሥራው ከተረጋጋ በኋላ የተዘጋውን ኤስቪአይ ከነአድራሻው ይሰርዙት። ዝም ብሎ ከተተወ አንድ ቀን አንድ ባልደረባ ይከፍተውና አድራሻው ሁለት ቦታ ይሆናል፤ ከፊሉ ትራፊክም ፋየርዎሉን ሳይነካ ያልፋል።

እዚህ ላይ ደጋግመው የሚያጋጥሙ ሦስት ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው የዲኤችሲፒ ሪሌይ (የአድራሻ ጥያቄን ወደ አድራሻ ሰጪው ሰርቨር የሚያስተላልፈው) ነው፤ ቅንብሩ ኤስቪአዩ ላይ ስለሚኖር አብሮት ይጠፋል። ችግሩ በዕለቱ አይታይም፤ አድራሻ በዲኤችሲፒ የሚያገኝ ሰርቨር ሪስታርት ሲደረግ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው የትራንኩ ዝርዝር ነው። በሲስኮ ስዊቾች ላይ በተፈቀዱ ቪላኖች ትእዛዝ ውስጥ «አድ» የሚለውን ቃል ሳይጽፉ 30ን ብቻ ካስገቡ፣ 30 በዝርዝሩ ላይ አይጨመርም፤ የነበረው ዝርዝር ጠፍቶ 30 ብቻ ይቀራል። በኮር ትራንክ ላይ ይህ ከተፈጸመ ሌሎቹ ቪላኖች በሙሉ ወዲያው ይቆማሉ። ሦስተኛው የሕጉ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉን የሚፈቅድ፣ ግን ሁሉን ሎግ የሚያደርግ ሕግ ያስቀምጡ፤ ቢያንስ አንድ የወር መዝጊያ እስኪያልፍ ይቆይ። በወር አንዴ ብቻ የሚሮጥ ሥራ በአንድ ሳምንት ሎግ ውስጥ አይገኝም። የተፈቀዱትን ከሎጉ አውጥተው አንድ በአንድ ከጻፉ በኋላ የመጨረሻውን ሕግ ወደ ክልከላ ይለውጡት።

ጥያቄ፦ ሁለት ፋየርዎሎች አሉን፤ አንዱ አክቲቭ (የሚሠራው)፣ ሌላው ስታንድባይ (ተጠባባቂው)። ከሁለት ኤምላግ (እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ) ስዊቾች ጋር በአራት ኬብል አገናኝተን፣ አራቱንም በስዊቹ በኩል ያለ ኤልኤሲፒ (ስለ ኬብሎቹ መጣመር ሁለቱ ወገኖች የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) በአንድ ፖርት-ቻነል (ብዙ ኬብልን እንደ አንድ በሚያጣምር ቡድን) አስገባናቸው። አንዳንድ ሰርቨሮች ምንም ችግር የለባቸውም፤ ሌሎች ግን ፈጽሞ አይገናኙም።

መልስ፦ ስዊቹ አራቱ ኬብሎች ወደ አንድ መሣሪያ የሚሄዱ መስሎት ትራፊኩን በሃሽ (በስሌት) ያከፋፍላል። ሃሹ ከምንጭና ከመድረሻ አድራሻ ስለሚሰላ አንድ ጥንድ ሁልጊዜ በአንድ ኬብል ላይ ይወድቃል። ወደ አክቲቩ የወደቀው ይሠራል፤ ወደ ስታንድባዩ የወደቀውን ግን ስታንድባዩ ይጥለዋል። ለዚህ ነው ችግሩ አልፎ አልፎ ከመከሰት ይልቅ በተወሰኑ ሰርቨሮች ላይ የሚጸናው።

ፖርት-ቻነሉ ሁለት ይሁን፤ ለምሳሌ 11 ለመጀመሪያው ፋየርዎል፣ 12 ለሁለተኛው። እያንዳንዱ ከሁለቱም ስዊቾች አንዳንድ ኬብል ይውሰድ፤ የሁለቱ የቪላን ዝርዝርም በትክክል አንድ ይሁን። ኤልኤሲፒን ይጠቀሙ፤ ያለ እርሱ የተሳሳተ ኬብል የሚያጋልጥ ነገር የለም። አንዳንድ ፋየርዎሎች ስታንድባይ ሳሉ ኤልኤሲፒ አይነጋገሩም፤ እንዲነጋገሩ የሚያደርገው ምርጫ ካለ ያብሩት፤ አለበለዚያ ስታንድባዩ ተራው ሲደርሰው ድርድሩን ከዜሮ ይጀምራል። ወደ ፋየርዎሎቹ የሚሄዱትን ፖርቶች በስፓኒንግ ትሪ (በስዊቾች መካከል የትራፊክ ዙር እንዳይፈጠር በሚከላከለው ፕሮቶኮል) የትራንክ ኤጅ ፖርት (ሳይጠብቅ የሚከፈት) ያድርጓቸው። ይህ ከቀረ፣ ሊንኩ በተነሣ ቁጥር ፖርቱ 15 ሰከንድ ሲያዳምጥ፣ 15 ሰከንድ ሲማር፣ በድምሩ 30 ሰከንድ ዝግ ሆኖ ይቆያል።

ሁለቱ ፋየርዎሎች አንዱ የሌላውን መኖር የሚከታተሉበት የኸርትቢት ኬብል ቀጥታ ይሁን፣ ቢቻል ሁለት። እርሱ ሲቋረጥ ሁለቱም «አክቲቭ ነኝ» ይላሉ፤ በስዊቹ ሎግ ላይ አንድ ማክ (የኔትወርክ ካርድ) አድራሻ ከፖርት ወደ ፖርት ሲዘል ያያሉ። ተመሳሳይ ምልክት ከታየና ኸርትቢቱ ደህና ከሆነ፣ በዚያው ቪላን ውስጥ ሌላ የፋየርዎል ጥንድ ካለ የግሩፕ ቁጥሩን (የጥንዱን መለያ) ያወዳድሩ። በብዙ መሣሪያዎች ቨርቹዋል ማኩ ከዚያ ቁጥር ስለሚወጣ፣ ቁጥሩ ከተመሳሰለ ማኩም ይመሳሰላል።

ወደ ስታንድባዩ የመሸጋገር ሙከራውን በትእዛዝ ብቻ አያድርጉ። ትልቅ ፋይል እየተላለፈ ሳለ ኬብል ይንቀሉ፣ አክቲቩን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱን ስዊች ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። ፋይሉ ከተቋረጠ የሴሽን ማመሳሰሉ (ክፍት ግንኙነቶችን ለስታንድባዩ ማሳወቁ) አልበራም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከአስተዳደር ሰርቨሩ 10.0.30.15 ወደ ባክአፕ ሰርቨሩ 10.0.40.8 ፒንግ ይሠራል፤ ኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያው) ግን ይንጠለጠላል። ሕጉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ባክአፕ ሰርቨሩ ለፍጥነት ሲባል በቪላን 30 ውስጥም ሁለተኛ ኔትወርክ ካርድ አለው።

መልስ፦ ችግሩ ሁለተኛው ካርድ ነው። ከ10.0.30.15 የሚነሣው ሲን (ግንኙነት መክፈቻ) ፓኬት በፋየርዎሉ አልፎ 10.0.40.8 ይደርሳል። ባክአፕ ሰርቨሩ ሲመልስ ግን 10.0.30.0/24ን በቀጥታ ስለሚያውቀው ሲን-አኩን (የመክፈቻውን መልስ) በሁለተኛው ካርድ ይልከዋል፤ ፋየርዎሉ አያየውም። ቀጥሎ ከአስተዳደር ሰርቨሩ የሚመጣውን አክ (ማረጋገጫ) ፋየርዎሉ መልሱን ላላየው ግንኙነት የመጣ አድርጎ ይጥለዋል። የኤስኤስኤች ደንበኛው በበኩሉ ግንኙነቱ የተመሠረተ መስሎት ይጠብቃል። ፒንግ የሚሠራው ፋየርዎሉ ጥያቄውን ስላሳለፈ ነው፤ መልሱ በሌላ መንገድ ቢመለስም የሚከለክለው የለም። የሪቨርስ ፓዝ ፊልተሩ (መልሱ በሚሄድበት ካርድ ያልመጣን ፓኬት የሚጥለው ማጣሪያ) ጥብቅ በሆነ ሊኑክስ ላይ ግን ፒንጉም አይሠራም ነበር።

ለማረጋገጥ በባክአፕ ሰርቨሩ በሁለቱም ካርዶች ላይ ቲሲፒደምፕ (የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ይክፈቱ፤ ጥያቄው በአንዱ ገብቶ መልሱ በሌላው ሲወጣ ያዩታል። በፋየርዎሉ ላይ «አሲሜትሪክ ትራፊክ ፍቀድ» (መሄጃና መመለሻው የተለያየውን አሳልፍ) የሚለውን ምርጫ በማብራት ችግሩን ለማለፍ አይሞክሩ፤ የግንኙነቱን ሁኔታ የመከታተል ሥራውን ይተውና ፋየርዎሉን ከስዊች ኤሲኤል (ከተራ የፍቀድ-ከልክል ዝርዝር) ብዙም ያልተሻለ ያደርገዋል። ትክክለኛው መንገድ ሁለተኛውን ካርድ ከቪላን 30 ማውጣት ነው። የባክአፕ ትራፊክ በእርግጥ ለፋየርዎሉ ከባድ ከሆነ ጌትዌይ የሌለው የራሱ ቪላን ይሰጠው። ያ ቪላን ግን ዋናውን ሥራ የሚሠሩትን ሰርቨሮች ሁሉ በጓሮ በር እንዳያገናኝ በስዊቹ ላይ በፕራይቬት ቪላን አይሶሌትድ (ፖርቶቹ እርስ በርስ የማይገናኙ) ያድርጉት፤ ፕሮሚስኩየስ (ከሁሉም ጋር የሚገናኘው) ፖርት የባክአፕ ሰርቨሩ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጌትዌዩን ወደ ፋየርዎሉ ካዛወርን ጀምሮ አፕሊኬሽኑ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን የዳታቤዝ ጥያቄ ይስታል፤ ከዚያ በኋላ ደህና ነው።

መልስ፦ ሌሊቱን ሥራ ያልነበረው ግንኙነት ከፋየርዎሉ የግንኙነቶች ሠንጠረዥ ተሰርዟል። በብዙ ፋየርዎሎች ላይ የቦዘነ ቲሲፒ ሴሽን የሚቆየው 3600 ሰከንድ ሲሆን፣ የሊኑክስ ኪፕአላይቭ (የቦዘነ ግንኙነት ሕያው መሆኑን የሚፈትሽ መልእክት) ግን የሚጀምረው በ7200 ሰከንድ ነው፤ ያም አፕሊኬሽኑ ኪፕአላይቭ እንዲበራለት ከጠየቀ። ፋየርዎሉ ሴሽኑን ሲሰርዝ ብዙውን ጊዜ ለሁለቱ ወገን አያሳውቅም፤ አፕሊኬሽኑ ጠዋት የሞተውን ግንኙነት ሕያው መስሎት ይጠቀምበታል። የኪፕአላይቭ ጊዜውን ወደ 600 ሰከንድ ያውርዱት፤ በኮኔክሽን ፑሉም (አፕሊኬሽኑ ክፍት ግንኙነቶችን በሚያቆይበት ክምችት) ላይ ግንኙነቱ ከመሰጠቱ በፊት እንዲፈተሽ ያድርጉ። የፋየርዎሉን ጊዜ ለሁሉም ትራፊክ ማራዘም አይመከርም፤ የሞቱ ሴሽኖች ሠንጠረዡን ይሞሉታል። ካስፈለገ ለዚያ የዳታቤዝ ፖርት ሕግ ብቻ ያራዝሙት።

ጥያቄ፦ በአንድ ቪላን ውስጥ ያሉ ሰርቨሮችን በፋየርዎል መለየት ይቻላል?

መልስ፦ በነባሪው አይቻልም፤ በአንድ ቪላን ውስጥ ትራፊኩ ከስዊቹ ወደ ላይ አይወጣም። ሰርቨሮቹ ፊዚካል ከሆኑ ፕራይቬት ቪላን አድርገው በፋየርዎሉ ላይ ሎካል ፕሮክሲ ኤአርፒ (ፋየርዎሉ በሌሎቹ ሰርቨሮች ፋንታ የራሱን ማክ አድራሻ እንዲሰጥ የሚያደርገውን) ያብሩ፤ ያን ጊዜ እርስ በርስ የሚላላኩትም በፋየርዎሉ በኩል ያልፋል። ቨርቹዋል ማሽኖች ከሆኑ በሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን በሚያሠራው ሶፍትዌር) ላይ ያለው ዲስትሪቢዩትድ (በየማሽኑ የተከፋፈለ) ፋየርዎል ይሻላል፤ ፓኬቱ ከማሽኑ ሳይወጣ ይፈተሻል፣ ትራንኩም በደርሶ መልስ አይጨናነቅም።