ልጁ ካለበት ቤት ጀምሩ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። ወረዳ ላይ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ተቀጥራለች። «እትዬ፣ ከየት ልጀምር?» አለችኝ። በስልክ ጥቂት ነገር ነገርኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያልነገርኳት ነገር ሲመላለስብኝ አደረ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለእሷና እንደ እሷ ሥራውን ለምትጀምሩ እጽፋለሁ። ወላጆቻችሁን አጥታችሁ ታናናሾቻችሁን ለያዛችሁትም ነው። እናንተ ደመወዝ የላችሁም እንጂ ሥራው ከእኛም ይልቅ የሚከብደው በእናንተ ላይ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ 31 ዓመት ወላጅ ካጡ ልጆች ጋር ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሦስት ወንድማማቾችን ከአያታቸው ቤት አውጥቼ ማሳደጊያ አስገባሁ። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው የሚወስድበት ዘመን ነበር። አባት ቀድሞ ሞተ፣ እናት በዓመቱ ተከተለች። አያትየዋ ቆሎ ይሸጣሉ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል። ማሳደጊያው ደግሞ ለየልጁ አልጋ አለው። በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል፣ ትምህርት ቤቱም እዚያው አጠገብ ነው። ብዙም አላሰብኩበትም። ፎርሙን ሞላሁ። አያትየዋ «ይብሉልኝ እንጂ» ብለው በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

መኪና ውስጥ ትልቁ ልጅ ዝም ብሎ ቆየና «ማታ ማታ የአያቴን እግር ማን ያጥብላታል?» አለኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ምንም አልመለስኩለትም።

አያትየዋ እሁድ እሁድ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው በእግራቸው ይመጡ ነበር። አንድ ቀን የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል ተብለው ከበር ተመለሱ። ይህን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሦስቱን ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ለማኖር በወር የሚወጣው ገንዘብ እኩሌታው ለአያትየዋ ቢሰጥ ጣሪያው ይጠገን ነበር። ልጆቹም ይበሉ ነበር። እኔ ግን ልጆቹን እርዳታው ወዳለበት ወሰድኳቸው። እርዳታውን ወደ ልጆቹ ማምጣት የሚባል ነገር በሐሳቤም አልመጣም። ፎርሙ ላይም አልነበረም።

ዛሬ ቢያንስ በወረቀት ላይ አለ። በ2001 የወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ አምስት መንገዶችን ያስቀምጣል። እነሱም ማኅበረሰብ አቀፍ ክብካቤ፣ ከቤተሰብ ጋር ማገናኘት፣ የአደራ ቤተሰብ (ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ)፣ ጉዲፈቻ እና ተቋም፣ ማለትም ማሳደጊያ ናቸው። ተቋም ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚሞከር ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ልጆችን አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ሐረግ ልብ በሏት። በሥራ ዘመናችሁ ሁሉ የምትታገሉት ከእሷ ጋር ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ። «አንቺ አሳዳሪ ነሽ፣ ይኸው የልጁ አበል» ብሎ በየወሩ ለአያት፣ ለእህት ወይም ለጉዲፈቻ ቤተሰብ የሚከፍል የመንግሥት መስኮት በ31 ዓመት አንድም ቀን አላየሁም። ይህ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። ሕጉ አያትን አሳድጊ ይላታል፣ በምን እንደምታሳድግ ግን አይነግራትም። እናንተ በወጣትነት ጉልበታችሁ ይህን ጥያቄ በየስብሰባው አንሱት። እስኪመለስ ድረስ ግን ልጁ ራት መብላት አለበት። ስለዚህ በየቦታው የተበታተነውን ድጋፍ ለቃቅማችሁ አንድ ቤት ማስገባት ይጠበቅባችኋል። ለቀማው ደግሞ የሚጀምረው ከወረቀት ነው።

ይህን በደንብ ያስተማረችኝ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች አርባ ቀን እንኳ አልሞላም። ሁለት ወንድሞች አሏት፣ ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው። ቢሮዬ ስትመጣ ጥቁር ፌስታል ይዛለች። ፌስታሉ ውስጥ የእናቷ መታወቂያ፣ የትንሹ የክትባት ካርድ፣ የቀበሌ ቤት የኪራይ ደረሰኞች፣ እናቷ ትሠራበት የነበረ ፋብሪካ የሰጣት የደመወዝ ወረቀት እና የእድር ደብተር ነበሩ። «የሚጠቅመውን ስለማላውቅ ሁሉንም አመጣሁት» አለችኝ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ አየነው።

ሁሉም ይጠቅም ነበር።

አሳዳሪነትን እንውሰድ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱም ወላጆች ሲታጡ ኃላፊነቱን በተራ ያወርደዋል። በመጀመሪያ አያቶች፣ ቀጥሎ አካለ መጠን የደረሱ እህትና ወንድም፣ ከዚያ አጎትና አክስት ናቸው። ሰፈር ውስጥ ሁሉንም ሞግዚት እንላለን። ሕጉ ግን የልጁን አስተዳደግ የሚመለከተውን አሳዳሪ፣ ንብረቱን የሚጠብቀውን ሞግዚት ይለዋል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ልጅቷ 18 ዓመት ስላለፋት ለወንድሞቿ ሁለቱንም መሆን ትችላለች። ጉዲፈቻ ለማድረግ ግን 25 ዓመት ያስፈልጋል። ብዙ ወጣቶች ይህን ስለሚያምታቱት «ዕድሜዬ አይፈቅድም» ብለው ሳይጠይቁ ይቀራሉ። እባካችሁ ንገሯቸው።

ታዲያ እውነቱን የሚያውቁ ምስክሮች ይዛችሁ ፍርድ ቤት ሂዱና የአሳዳሪነቱንና የሞግዚትነቱን ማስረጃ አውጡ። የእድር ዳኛ ጥሩ ምስክር ነው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ያውቃል። «ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀኛል፣ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ አያቶች ብዙ ናቸው። ጎረቤት ያውቃል፣ የባንክና የጡረታ መስኮት ግን አያውቅም።

ጡረታውን አትርሱ። ብዙ ሰው ጡረታ የሽማግሌ ብቻ ይመስለዋል። ሠራተኛ የነበረ ወላጅ ሕጉ የሚጠይቀውን አሟልቶ ከሞተ ልጆቹ አበል አላቸው። ከ2003 ወዲህ ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞችም የጡረታ አዋጅ አላቸው። ያቺ የደመወዝ ወረቀት ላይ «ጡረታ» ተብሎ በየወሩ የሚቆረጥ ገንዘብ ነበር። ልጅቷ ግብር መስሏት ነበር። እናቷ ለልጆቿ ትታው የሄደችውን ገንዘብ ለማግኘት ሰባት ወር ተመላለስን። አንዱ ቢሮ የልጆቹን የልደት ማስረጃ ይላል፣ ሌላው የሞት ማስረጃ ይላል። ያን ጊዜ የልደት ምዝገባው እንደ ዛሬ አልነበረም። በመላው አገሪቱ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ዛሬ ልጅ ከተቀበላችሁ ወይም አንድ ልጅ በእጃችሁ ከገባ የልደት ማስረጃውን አስቀድሙ።

ከዚያ ወደ ወረዳ ሂዱ። ለድሃ ቤተሰቦች የሚሆነው የመንግሥት ድጋፍ፣ የከተማ ሴፍቲኔት፣ በ2009 አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር መሥራት ለማይችሉ ቤተሰቦች ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል ነበረው። ክፍያው የቤተሰቡን ቁጥር ያያል። አንዲት አያት ብቻቸውን ተመዝግበው ሦስት የልጅ ልጅ የሚያሳድጉበትን ቤት አይቻለሁ። የሚከፈላቸው የአንድ ሰው ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ልጆቹ የመጡት ከምዝገባው በኋላ ነው፣ ማንም ደግሞ ተመልሶ አልጠየቃቸውም። የጤና መድህንም እንዲሁ ነው። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መንግሥት መዋጮውን ይሸፍናል። የመጣው ልጅ ስም ደብተሩ ላይ ካልሰፈረ ግን ሲታመም ጣጣው ብዙ ነው። ቤት ለቤት ስትሄዱ ደብተሩን አውጡልኝ በሉና ስሞቹን በጣታችሁ ቁጠሩ።

የትምህርት ቤት ምገባው በበኩሉ ብዙ ቤት አቅልሏል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2012 ምገባው፣ ዩኒፎርሙና ደብተሩ ሲመጣ «አሁን ምሳቸውን አላስብም» ያሉኝ አያት ነበሩ። ምሳ ማለት ለእሳቸው የቀኑ ግማሽ ሐሳብ ነው።

ስለ ጉዲፈቻ ትንሽ ልበል። ቃሉን የወሰድነው ከኦሮሞ ባህል ነው። በአማራው አገርም ማር የነካ አውራ ጣት አጥብቶ የጡት ልጅ ማድረግ ነበር። የሰው ልጅ ወስዶ እንደራስ ማሳደግ ለእኛ አዲስ አይደለም። በመሃል ግን ልጆቻችን በብዛት ወደ ውጭ ሄዱ። በፈረንጆቹ 2010 አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ከኢትዮጵያ ወስዳለች። ጥሩ ቤት ያገኙ አሉ። ወላጅ እያላቸው ወላጅ አልባ ተብለው የሄዱም አሉ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 2010 ላይ ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ዘጋ። እኔ መዘጋቱን ደግፌያለሁ። ዳሩ ግን በሩ ሲዘጋ አገር ውስጥ ለሚቀበሉት ቤተሰቦች የሚሆን ድጋፍ እኩል መከፈት ነበረበት። ያ በሚገባው መጠን አልሆነም።

ማሳደጊያ ሄዳችሁ ልጅ ለመውሰድ የምታስቡ ባልና ሚስት ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለልጁ ንገሩት። ሆዷ ላይ ጨርቅ አስራ ለጎረቤት እርጉዝ መስላ የታየች ሴት አውቃለሁ። ከፍቅር ነው ያደረገችው። ልጁ 16 ዓመቱ ላይ ለቅሶ ቤት ከሰው አፍ ሰማ። ለሁለት ዓመት «እማ» ብሎ አልጠራትም። ሕጋችን ራሱ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና አይቆርጥበትም። በአራት ዓመቱ እንደ ተረት ብትነግሩት አብሮት ያድጋል።

ዘመድ ቤት ሁሉ ደግሞ ደህና ቤት ነው አላልኩም። የአክስቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሱ ውኃ የሚቀዳ፣ እሷ ሕፃን የምታዝል ስንት አለ። በጉዲፈቻ በተወሰደ ልጅ ላይ እንኳ እንደ ባሪያ ማኖር ከደረሰ ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ሊያፈርሰው ይችላል። ስለዚህ ሳትናገሩ ሂዱ። ልጁን ለብቻው አናግሩት። ከመጠየቃችሁ በፊት እጁን እዩ፣ ጫማውን እዩ፣ ደብተሩን ግለጡ። የመጨረሻው የተጻፈበት ቀን መቼ ነው? ቡና ሲፈላላችሁ ደግሞ ቶሎ አትነሱ። ብዙ ነገር የሚወጣው ሁለተኛው ላይ ነው።

እናታቸው ዓረብ አገር የሄደችባቸውን ልጆችም አትዝለሏቸው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሆና ትልካለች፣ ስለዚህ መዝገብ ላይ ወላጅ አልባ አይባሉም። ግን ሆስፒታል ሲገቡ የሚፈርምላቸው፣ ትምህርት ቤት ሲጠራ የሚቀርብላቸው ሕጋዊ ሰው የለም። ስልኳ የተዘጋ ቀን ገንዘቡም ይቆማል። ከመሄዷ በፊት ውክልና እንድትሰጥ ንገሯት። ከሄደች በኋላ ከሆነም በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል መላክ ትችላለች።

ሦስቱን ወንድማማቾች ከአያታቸው ጋር መልሼ አገናኝቻለሁ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ። ጣሪያውን የጠገኑት የእድሩ ሰዎች ናቸው፣ ቆርቆሮውን አዋጥተው። ትልቁ ልጅ የገባ ዕለት ማታ ገበቴ ሲፈልግ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ያቺ የፌስታል ልጅ ቤቴ መጣች። ትንሹ ወንድሟ 18 ሞልቶታል፣ አብሯት መጥቷል። አሳዳሪነቷ አለቀ ማለት ነው። መታወቂያውን ያወጣው በዚያው ሳምንት ነው። ፌስታሉ ተቀይሯል፣ አሁን ዚፕ ያለው የፕላስቲክ ፋይል ነው። ከፈተችውና ከእናታቸው መታወቂያ ጎን የእሱን አሳየችኝ።