ጥበቃ ቦርሳዬን የመበርበር መብት አለው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ሱፐርማርኬት መውጫ ላይ ጥበቃው ቦርሳሽን ካላየሁ አትወጪም ብሎ ያዘኝ፣ መብት አለው ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። «ካልሰረቅሽ ምን አስፈራሽ» የሚሉሽን አትስሚያቸው። እኔም ላይ ደርሷል፣ ያውም እንዳንቺው ሱፐርማርኬት ውስጥ።

1ኛ፦ መግቢያ ላይ ያለው ፍተሻ ሌላ ነው፣ እሱ ላይ ጊዜሽን አትፍጂ። መግባት ከፈለግሽ ትከፍቻለሽ፣ ካልፈለግሽ ትመለሻለሽ፣ አለቀ። መውጫ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ሰውነትሽንም ንብረትሽንም ከመበርበር ይጠብቃል። የኤጀንሲ ጥበቃ ደግሞ የፈለገ ዩኒፎርም ቢለብስ ፖሊስ አይደለም። ፈቅደሽ ካሳየሽው አየ። እምቢ ካልሽ በግድ እጁን ቦርሳሽ ውስጥ መክተት አይችልም። ፖሊስ እንኳ የተያዘች ሴትን ሲያስፈትሽ ፈታሿ ሴት መሆን አለባት።

2ኛ፦ መያዝስ? ይችላል፣ ግን እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው የሚችለው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 50፣ ጥፋቱ ከሦስት ወር በማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ያለ ማዘዣ ሊይዝ ይችላል ይላል። እጅ ከፍንጅ ማለት ሲሰርቅ የታየ ወይም ሰርቆ ሲሮጥ እየተባረረ ያለ ነው። «ጠርጥሬሻለሁ» አይቆጠርም። ከያዘም ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማስረከብ ነው እንጂ ራሱ መርማሪ፣ ራሱ ዳኛ መሆን የለም።

እኔ ላይ ግን ሁሉንም ሆኑብኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ሰፈር ሱቅ የገዛሁት የፊት ክሬም ነው፣ ያው ዓይነት እነሱም መደርደሪያ ላይ አለ። «ደረሰኝ» አለኝ። የሰፈር ሱቅ ለአንድ ክሬም ደረሰኝ ሲሰጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? የዘይት ካርቶን የተደረደረበት መጋዘን አስገባኝና አንዷን ወንበር ራሱ ተቀመጠባት። ካሜራውን እዩ ብል «ማናጀሩ ይምጣ» ነው መልሱ። ማናጀሩ ሲመጣ ወረቀት ይዞ መጣ። የተተየበ ነው፣ ስም የሚሞላበት ነጠብጣብ አለው፣ «ሳልከፍል ዕቃ ይዤ ስወጣ መያዜን አምናለሁ» ይላል። «ፈርሚ፣ አሥር እጥፍ ከፍለሽ ሂጂ፣ ለስምሽ ብዬ ነው» አለኝ። በፎቶ ኮፒ ያባዛውን ወረቀት ይዞ ለስሜ ማሰቡ! ስንት ሰው ደንግጦ ፈርሞለት ይሆን?

አልፈረምኩም። «ወይ ፖሊስ ጥሩ፣ ወይ በሩን ክፈቱ» አልኩ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን ውጭ ያለው ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ጥበቃው ስልኬን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ 991 ደውዬ ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ ጠፍቶ የነበረው የካሜራ ሠራተኛ ወዲያው ተገኘ። መደርደሪያውን እንኳ እንዳልነካሁ አዩና «ይቅርታ እህት፣ ሥራችን ነው» ብለው ለቀቁኝ።

የባሰ ያናደደኝ ግን ጣቢያው ነው። ላመለክት ስሄድ ተረኛው ቀና እንኳ ሳይል «ለቀውሽ የለ እንዴ? በሽምግልና ጨርሱት» አለኝ። ሰውን ያለ ሕግ ማገት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 585 እንደሚያስጠይቅ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም! መዝግብ ብዬ ቆሜ ቀረሁ፣ መዘገበ። ከዚያ ጠበቃ ይዤ ለሱፐርማርኬቱም ለኤጀንሲውም ደብዳቤ ጻፍን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2040 ለአጭር ጊዜም ቢሆን ሰውን ከመንቀሳቀስ ማገድ ጥፋት ነው ይላል፣ አሠሪውም ሠራተኛው በሥራ ላይ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ማህተም ያለበት የይቅርታ ደብዳቤ ሰጡኝ፣ የጠበቃዬንም ወጪ ከፈሉ። ደብዳቤውን ፍሬም ላስገባው ትንሽ ነው የቀረኝ።

አንቺ ካሜራው ሳይደመሰስ ቀረጻው እንዲቀመጥልሽ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ግልባጩ ላይም ተቀባዩን አስፈርሚ። እስከዚያ እዚሁ መልሺልኝ፦ የፈረምሽው ወረቀት አለ? የፈተሸሽስ ወንድ ነው ሴት?