ለዴይኬር አስተማሪዎች የበዓል ስጦታ፦ እናንተ ጠይቁ፣ እኔ ልመልስ

ዲሴምበር ሲገባ ስልኬ ፋታ አያገኝም። «ለልጄ ቲቸሮች ምን ልግዛ?» የማይለኝ ወላጅ የለም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ዴይኬር (የሕጻናት መዋያ) ነው የምሠራው። ከጨቅላዎቹ ክፍል እስከ አራት ዓመቶቹ ድረስ ሁሉንም ዞሬአለሁ። ስለዚህ የምመልሰው ከተቀባዮቹ ወገን ሆኜ ነው። ሳታፍሩ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ዙሪያ ጥምጥም ልተወውና፣ ዕቃ ይሻላል ወይስ ጊፍት ካርድ?

መልስ፦ ጊፍት ካርድ፣ ማለትም ሱቅ የሚገዛበት ገንዘብ የተሞላበት ካርድ። ማዕከሉ ከፈቀደ ጥሬ ገንዘብም ነውር የለውም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደሚለው በ2024 የሕጻናት ተንከባካቢዎች መካከለኛ ክፍያ በሰዓት 15.41 ዶላር ነበር። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ክፍያ ራሱ 15 ዶላር ነው። በዚህ ደመወዝ ለሚኖር ሰው የ25 ዶላር የግሮሰሪ ካርድ ቀላል ነገር አይደለም።

ዕቃ ግን ይደጋገማል። ከክሪስማስ በፊት ባለው የመጨረሻ አርብ የሠራተኞች ክፍል ብትገቡ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ኩባያ ነው። «ምርጥ አስተማሪ» የሚል ኩባያ፣ በውስጡ ትንሽ ቸኮሌት፣ ላዩ ላይ ሪባን። አጠገቡ ሻማ። አጠገቡ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ሎሽን። እኛ በቀን ስንት ጊዜ እጃችንን እንደምንታጠብ እግዜር ይቁጠረው፣ ሎሽን ያስፈልገናል። ጨቅላ ታቅፈን ስለምንውል ግን ሽታ ያለው አይሆንም። ሎሽን ካሰባችሁ ሽታ የሌለውን ግዙ።

ስለ ካርዱ አንድ ምክር፦ ገንዘብ የተሞላበትን ደረሰኝ አብራችሁ አድርጉ። አንዳንዴ ካሸሯ በደንብ ሳታስገባው ይቀርና ካርዱ ባዶ ይሆናል። ተቀባይዋ ሱቅ ሄዳ ወረፋ ይዛ ባዶ መሆኑን ስታውቅ ለወላጁ ተመልሳ አትነግርም። በምን አፏ! ደግሞ የቪዛ ጊፍት ካርድ ሲገዛ ጥቂት ዶላር ተጨማሪ ያስከፍላል። እንደ ታርጌት ወይም ጃያንት ያለ ሱቅ የራሱ ካርድ ይህ የለበትም። ያገልግሎት ጊዜው ያልፋል ብላችሁ አትስጉ፤ በፌዴራል ሕግ ካርዱ ላይ ያለው ገንዘብ ቢያንስ ለ5 ዓመት አይቃጠልም።

ጥያቄ፦ ልጄ ክፍል ሁለት አስተማሪዎች አሉ። ሌላም ሰው ሲገባና ሲወጣ አያለሁ። ለማን ለማን ነው የሚሰጠው?

መልስ፦ የምታያት «ሌላ ሰው» ፍሎተር ትባላለች። አንዷ ምሳ ስትወጣ እሷ ትገባለች፣ አንዷ ስትታመም ቀኑን ሙሉ ትሸፍናለች። በሜሪላንድ ሕግ ጨቅላዎች ክፍል ውስጥ ለ3 ሕጻን አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። አስተማሪዋ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንኳ ፍሎተሯን መጠበቅ አለባት። በበዓል ሰሞን ደግሞ የምትረሳው እሷ ናት። የልጅሽን ዳይፐር ከማንም ባልተናነሰ ቀይራለች።

እኔ ብሆን ለክፍሉ አስተማሪዎች እኩል እሰጣለሁ፣ ለፍሎተሯ ትንሽ ቀነስ አድርጌ። ለወጥ ቤት ሠራተኛዋና ለዳይሬክተሯ የምስጋና ካርድ ጽፎ መስጠት ይበቃል። በአንድ ክፍል ውስጥ ግን ለአንዷ 50፣ ለሌላዋ 10 አትስጡ። እናወራለን። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ እናወራለን።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ይኼ እጅ መንሻ ነው፣ ልጃችንን ለይተው እንዲይዙልን መደለል ነው» ይላል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ስጋቱ ይገባኛል። አገር ቤት አንዳንድ ቢሮ ደጅ የጠና ሰው እንደዚህ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኛ ጋ ግን ስጦታው ሲመጣ ልጁ ሥራችን ላይ ከርሟል። ሲያለቅስ ታቅፏል፣ ሲነክስ ተገሥጿል። የሚያስቀይመን ስጦታው ራሱ ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው ጥያቄ ነው። አንዲት እናት ካርዱን ሰጥታኝ በሩ ላይ ዞር ብላ «እንግዲህ ከሰዓት አታስተኙብኝ» ብላኛለች። ስጦታውን ለብቻው፣ ጥያቄውን በሌላ ቀን አድርጉት።

ጥያቄ፦ ቦስተን አካባቢ ነን። ልጃችን የሕዝብ ትምህርት ቤት ቅድመ መደበኛ ገብቷል። ገደብ አለው ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ አለው። ማሳቹሴትስ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አስተማሪ ከአንድ ወላጅ 50 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ስጦታ መቀበል አይችልም። ክፍሉ በጋራ ከሰጠ በዓመት እስከ 150 ዶላር ይፈቀዳል። እሱም ማን ስንት እንዳዋጣ ለአስተማሪው ሳይነገር፣ «ከክፍሉ» ተብሎ ብቻ ነው። የግል ዴይኬር በዚህ አይታሰርም፤ የራሱ ደንብ ካለ ግን ዳይሬክተሯን መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ እኛም በጋራ ልናዋጣ ነው፣ ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ። ምክር ካለሽ?

መልስ፦ የቦስተኑን ደንብ ባትገደዱም ተከተሉት። «ቤተልሔም 40፣ ሳሙኤል 10» እያላችሁ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ዕቁብ አይደለም! ሁለት ወላጅ ስለሚሠራ ሁሉም ቤት ገንዘብ አለ ማለት አይደለም። የምስጋና ካርዱ ላይ «ከክፍሉ» ብቻ ይባል፣ ያልሰጠም ሰው እዚያው ውስጥ ነው። ቀኑን ቁረጪ፣ የደረሰውን ገንዘብ እኩል አካፍለሽ በየፖስታው አድርጊ።

ጥያቄ፦ የልጄ ቲቸር ሐበሻ ናት። ለክሪስማስ ጥሩ ኬክ አዝዤላታለሁ፣ ደስ አይላትም?

መልስ፦ ኦርቶዶክስ ከሆነች ጾም ላይ ናት! ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ የሚፈታው በእኛ ገና፣ ጃንዋሪ 7 ነው። የፈረንጆቹ ክሪስማስ እዚያው መሀል ላይ ያርፋል። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ያለበትን ኬክ ፈገግ ብላ ትቀበልሻለች፣ ማታ ልጆቿ ይበሉታል። እኔ በየዓመቱ የማገኘው የቅቤ ኩኪ ለኔ ሆኖ አያውቅም።

ጥሬ ቡና ስጪያት። ወይም ኬኩን ጃንዋሪ 7 አካባቢ አምጪው፤ በዚያን ቀን እሷ ሥራ ላይ ናት፣ ማንም «እንኳን አደረሰሽ» አይላትም። ሙስሊም ከሆነች ደግሞ ጄላቲን (ከአሳማ ሊሠራ ይችላል) ያለበት ከረሜላ ይቅር፣ ዒድንም አስታውሺ። ወይን ለማንም ቢሆን ዴይኬር ይዞ አይመጣም። ኦቾሎኒ ያለበት ቆሎም እንደዚያው፤ ብዙ ማዕከል በአለርጂ ምክንያት በር ላይ ያስቀረዋል።

ጥያቄ፦ በዚህ ዓመት ሥራ አቁሜአለሁ። ባዶ እጄን መሄድ ከበደኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤ ጻፊ። ለማጽናናት ያልኩት እንዳይመስልሽ። «ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» አትበይ፣ እሱን ሁሉም ይጽፈዋል። «ሴፕቴምበር ላይ በር ይዞ ሲያለቅስ፣ መስኮቱ ጋ ወስደሽ የቆሻሻ መኪናውን አሳየሽው። አሁን ጠዋት ሲገባ ራሱ ወደ መስኮቱ ይሮጣል» በያት። ከዚያ ያንኑ ለዳይሬክተሯ በኢሜይል ላኪ። የአስተማሪዋ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ የደመወዝ ጭማሪ ሲታሰብ ይወጣል። ስሟን ጠርቶ ለአለቃዋ የጻፈ ወላጅ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የሚውለው ቤቷ ዴይኬር ከፍታ የምትሠራ እህታችን ጋ ነው። ባለቤት ስለሆነች ስጦታ አያስፈልጋትም አይደል?

መልስ፦ ያስፈልጋታል፤ ረዳት ካላትም ለሁለቱም። እሷን ደግሞ ሌላም የሚያስደስታት ነገር አለ። ለበዓል በምትዘጋበት ሳምንት «ልከፍል ነው እንዴ?» ብለሽ አትከራከሪያት፣ ውሉ ላይ ካለ ክፈያት። ከዲሴምበር ውጭም በሰዓቱ ልጅሽን ውሰጂ።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ለኬጂዋ ሚስና ለረዳቷ ለገና ምን ይሻላል?

መልስ፦ ትምህርት ቤቱ ከፈቀደ፣ በዓል የሚያስውል ነገር። ዘይትና እንቁላል የማይፈልግ ቤት የለም። ካልሆነ በቴሌብር ላኪ። ረዳቷን እንዳትረሺ፤ ሱሪ የምትቀይረው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ መቼ ልስጥ?

መልስ፦ ዴይኬሩ ለበዓል ከመዘጋቱ በፊት ባለው ሳምንት፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ። ወደ አርብ ሲጠጋ ግማሾቻችን ዕረፍት እንወጣለን። ጠዋት የምታስረክቢያት ሴት ማታ ከምታስረክብሽ የተለየች ልትሆን ስለምትችል በየፖስታው ላይ ስም ጻፊበት።