የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአፍሪካ ክለቦች ፋይናል ለምን ደርሶ መልስ ሆነ?

ሰላም ውድ አንባቢያን፣ በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አፍሪካ ክለቦች ፋይናል ናቸው። ዓመተ ምህረቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የጻፍናቸው፣ እንዳይምታታባችሁ።

"አውሮፓ ላይ አንድ ከተማ ይመረጣል፣ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ፣ አለቀ። አፍሪካ ላይ ለምንድነው ፋይናሉን እዚህ ተጫውተው ከሳምንት በኋላ ደግሞ እዛ የሚሄዱት? መሀል ላይ አንድ ጨዋታ ሆኖ አልነበር እንዴ?" (ከሀዋሳ)

ሆኖ ነበር ወንድሜ፣ ልክ ነህ። እንደውም የዛሬው ቻምፒየንስ ሊግ፣ ማለትም ዋናው የአፍሪካ ክለቦች ውድድር፣ ሲጀመርም አንድ ጨዋታ ነበር፣ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ የማሊውን ስታድ ማሊየን አክራ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ ነው የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው። ከ1966 ጀምሮ ደርሶ መልስ ሆነ፣ እና ገና በዛው ዓመት ሪያል ባማኮ በሜዳው 3 ለ 1 አሸንፎ አቢጃን ሄደና በስታድ አቢጃን ክለብ 4 ለ 1 ተሸነፈ፣ ድምሩ 5 ለ 4፣ ዋንጫው ኮትዲቯር ቀረ። ከዛ በኋላ እስከ 2019 ድረስ በዚሁ ነው የተኬደው።

በ2020፣ 2021 እና 2022 ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) እንደ አውሮፓ አንድ ጨዋታ ላድርገው አለ። የ2020ው ካሜሩን ዱዋላ ላይ ታስቦ ነበር፣ አልሆነም፣ የግብፆቹ አል አህሊና ዛማሌክ ናቸው ፋይናል የደረሱት እና ካይሮ ላይ በዝግ ስታዲየም ተጫውተው አል አህሊ 2 ለ 1 አሸነፈ። ያ በኮሮና ይመካኝ። የ2022ቱ ግን ምንም ማመካኛ የለውም። አል አህሊና የሞሮኮው ዋይዳድ ደረሱ፣ ጨዋታው የት ሆነ? ካዛብላንካ፣ የዋይዳድ የራሱ ሜዳ ላይ! አህሊዎች ጮሁ፣ እስከ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ድረስ ሄዱ፣ የሰማቸው የለም፣ ዋይዳድ በዙሄር ኤል ሙታራጂ ሁለት ጎል 2 ለ 0 አሸነፈ። ዋይዳድ በደንብ ነው የተጫወተው፣ ዋንጫውም ይገባዋል፣ ግን አንዱ ቡድን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሌላው ተጉዞ የሚመጣበት አንድ ጨዋታ እንዴት ነው ፋይናል የሚባለው? ከዛ በኋላ ነው ካፍ ወደ ደርሶ መልስ የተመለሰው፣ ከ2023 ጀምሮ።

የኔን ሀሳብ ከጠየቅከኝ ደርሶ መልሱ ነው ለአፍሪካ የሚሆነው፣ በዚህ አልደራደርም። አውሮፓ ውስጥ ደጋፊው ባቡር ይዞ ወይ ርካሽ ፕሌን ተሳፍሮ ፋይናል ያለበት ከተማ ይሄዳል። የፕሪቶሪያ ደጋፊ ካይሮ ለመሄድ ስምንት ሰዓት ገደማ መብረር አለበት፣ ቪዛው አለ፣ የቲኬቱ ዋጋ አለ፣ ስንቱ ነው የሚችለው? ገለልተኛ ሜዳ ብለህ ሶስተኛ አገር ብትወስደው ግማሽ ባዶ ስታዲየም ነው የምታየው። ደርሶ መልስ ሲሆን ግን ሁለቱም ከተማ የራሱን ፋይናል ያያል፣ ሲደግፍ የከረመው ሰው የልፋቱን ያገኛል። የአፍሪካ ክለብ እግር ኳስ ውበቱ ደጋፊው ነው፣ ያንን ከፋይናሉ ላይ ከቀነስከው ምን ይቀራል።

"እዚህ ዱባይ ከታንዛኒያ ልጆች ጋር ነው የምሰራው፣ ያንጋ በ2023 ተበድሏል እያሉ እስከዛሬ ያወራሉ። ሁለቱም አንድ አንድ ጨዋታ አሸንፈው፣ ጎሉም እኩል ሆኖ፣ እንዴት አልጄሪያዎቹ ዋንጫ ወሰዱ?" (ከዱባይ)

እህቴ ልጆቹ ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም፣ ግን በህጉ አልተበደሉም። ይሄ የኮንፌዴሬሽን ካፑ (ከቻምፒየንስ ሊጉ ቀጥሎ ያለው ውድድር) ፋይናል ነው፣ ያንጋ ከዩኤስኤም አልጀር። ዳሬሰላም ላይ በሞላ ስታዲየም ያንጋ 2 ለ 1 ተሸነፈ። አልጀርስ ሄዶ ደግሞ ገና በጠዋቱ ጁማ ሻባኒ ፔናሊቲ አግብቶ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ ለምስራቅ አፍሪካ ክለብ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ድምሩ 2 ለ 2። እዚህ ጋር የሚመጣው ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎል የሚባለው ህግ ነው፣ ድምር ሲስተካከል በሰው ሜዳ ብዙ ያገባው ያሸንፋል። አልጄሪያዎቹ ዳሬሰላም ላይ ሁለት አግብተዋል፣ ያንጋ አልጀርስ ላይ አንድ። በቃ።

በቀጣዩ ዓመት 2024 ቁርጥ የሱ ግልባጭ መጣ፣ የሞሮኮው በርካኔ ዛማሌክን በሜዳው 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ካይሮ ላይ ዛማሌክ 1 ለ 0፣ ድምር 2 ለ 2፣ ዛማሌክ በርካኔ ሜዳ ላይ ባገባት አንዲት ጎል ዋንጫውን በላ። ከዛ ወደኋላ ብትሄጂ ደግሞ በ2014 የአልጄሪያው ሴቲፍ ኪንሻሳ ላይ ከቪታ ክለብ ጋር 2 ለ 2፣ በሜዳው 1 ለ 1 ወጥቶ በዚችው ህግ የቻምፒየንስ ሊጉን ወስዷል።

አውሮፓ ህጉን በ2021 ሰርዞታል፣ እኔም ቢያንስ ፋይናል ላይ ቢቀር ደስ ይለኛል። መጀመሪያ በሜዳው የሚጫወተውን ቡድን ፈሪ ያደርገዋል፣ ጎል ከማግባት ይልቅ እንዳይገባበት ይጨነቃል፣ 60 ሺህ ሰው ፊት ከኋላ ተሰብስቦ ይጫወታል። ግን ደግሞ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ምሽት አለ፣ 2006። አል አህሊ ካይሮ ላይ ከቱኒዚያው ስፋክስ 1 ለ 1 ወጥቷል፣ በመልሱ ቱኒዚያ ራዴስ ላይ 0 ለ 0 ከሆነ ስፋክስ ዋንጫ ይወስዳል፣ 90 ደቂቃ አለቀ፣ 0 ለ 0 ነው፣ ደጋፊው ማክበር ጀምሯል፣ በተጨመረው ደቂቃ ላይ መሀመድ አቡትሪካ በግራ እግሩ መታትና ስታዲየሙ ሁሉ ጸጥ አለ። ያቺ ጎል እንደዛ የከበደችው በዚሁ ህግ ምክንያት ነው፣ ይሄንን አምናለሁ።

ለታንዛኒያዎቹ ልጆች ይቺን ንገሪልኝ፣ ያኔ ዳሬሰላም ላይ ለያንጋ ያገባው ኮንጓዊው ፊስቶን ማዬሌ በ2025 በግብፁ ክለብ ፒራሚድስ ማልያ የቻምፒየንስ ሊግ ፋይናል ላይ ጎል አግብቶ ዋንጫ አንስቷል።

"ኢትዮጵያዊ ዳኛ የአፍሪካ ፋይናል መርቷል ወይ? አባቴ ያ በቫር (በቪዲዮ ዳኝነቱ) ምክንያት የተቋረጠው ፋይናል ነው ይለኛል፣ እኔ ደግሞ የተለያዩ ናቸው እላለሁ።" (ከአዲስ አበባ)

አንቺ ነሽ ልክ። አባትሽ የተምታታባቸው ሁለቱም በተከታታይ ዓመት፣ ሁለቱም ቱኒዝ አጠገብ ራዴስ ላይ፣ ሁለቱም በቱኒዚያው ኤስፔራንስ ሜዳ ስለሆኑ ነው።

የኛው ባምላክ ተሰማ የመራው የ2018ቱን የመልስ ጨዋታ ነው፣ ኤስፔራንስ ከአል አህሊ። እና እንዴት ባለ ሁኔታ ውስጥ እንደገባ ልንገርሽ። የመጀመሪያው ጨዋታ አሌክሳንድሪያ ቦርግ ኤል አረብ ላይ 3 ለ 1 በአህሊ አሸናፊነት ሲያልቅ ሁለቱ የአህሊ ጎሎች ፔናሊቲ ነበሩ፣ ቱኒዚያዎቹ ተቃጥለዋል፣ ዋሊድ አዛሮ የሚባለው አጥቂ ማልያውን ራሱ ሲቀድ በካሜራ ታይቶ ካፍ ሁለት ጨዋታ ቀጥቶታል። እንግዲህ ከሳምንት በኋላ ያ ሁሉ ንዴት የተጠራቀመበት ስታዲየም ውስጥ ፊሽካ ይዞ መግባት ነው። ኤስፔራንስ በሰዓድ ብጊር ሁለት ጎልና በአኒስ ባድሪ አንድ ጎል 3 ለ 0 አሸነፈ፣ በድምር 4 ለ 3፣ መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር ሁለት ወር ሲቀረው ማለት ነው። በማግስቱ የወሬው ርዕስ የብጊር ጎሎች ነበሩ እንጂ ዳኛው አልነበረም፣ ለዳኛ ከዚህ በላይ ምስክር የለም። እኛ አገር ተጫዋች ሲሆን ስሙን እንደጋግማለን፣ ለባምላክ ግን የሚገባውን ያህል አላወራንለትም፣ ይሄ ያንገበግበኛል።

የተቋረጠው የ2019ኙ ነው፣ ኤስፔራንስ ከዋይዳድ። ራባት ላይ 1 ለ 1 ወጡ፣ እዛም ውሳኔዎቹ አጨቃጭቀው ግብፃዊው ዳኛ ጂሃድ ግሪሻ በኋላ በካፍ ስድስት ወር ታገደ። ራዴስ ላይ ዩሱፍ ቤላይሊ ለኤስፔራንስ አገባ። በ59ኛው ደቂቃ የዋይዳዱ ዋሊድ ኤል ካርቲ በጭንቅላት አገባ፣ ኦፍሳይድ ተብሎ ተሻረ። ሪፕሌዩ ላይ ትክክለኛ ጎል ነበር የሚመስለው። ዋይዳዶች ቫር ይታይልን አሉ፣ ለካ ቫሩ አይሰራም! ፋይናል ላይ! እንቢ አሉ፣ የካፍ ፕሬዝዳንት አህመድ አህመድ ራሳቸው ሜዳ ድረስ ወርደው ተከራከሩ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቆሞ ጋምቢያዊው ባካሪ ጋሳማ ጨዋታውን አቆመና ዋንጫው ለኤስፔራንስ ተሰጠ። ከቀናት በኋላ ካፍ ፓሪስ ላይ ተሰብስቦ የመልሱ ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ ይደገም አለ፣ የግልግል ፍርድ ቤቱ ደግሞ ያንን ለመወሰን ስራ አስፈፃሚው ስልጣን የለውም ብሎ ሻረው፣ ዞሮ ዞሮ በዲሲፕሊን ኮሚቴው በኩል ዋንጫው ለኤስፔራንስ ጸደቀ። ያቺ ጎል ብትጸድቅና በዛው ቢያልቅ 1 ለ 1 እና 1 ለ 1 ነው፣ ወደ መለያ ምት ይሄዱ ነበር። አንድ ማሽን ስላልሰራ የአንድ ዓመት ውድድር ፍርድ ቤት ገባ ማለት ነው።

ኤል ካርቲን ግን እዚህ ላይ አልተወውም። በ2017 ዋይዳድ አህሊን ካዛብላንካ ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ ጎሏን ያገባው እሱ ነው። በ2025 ደግሞ በፒራሚድስ ማልያ ፕሪቶሪያ ላይ የደቡብ አፍሪካው ሰንዳውንስ 1 ለ 0 እየመራ በ94ኛው ደቂቃ አቻ ያደረገው እሱ ነው። ያቺ ጎል ባትኖር ሰንዳውንስ ካይሮ ላይ 0 ለ 0 ይበቃው ነበር፣ ስለገባች 0 ለ 0 ለፒራሚድስ የሚበቃ ሆነ። ካይሮ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈው በድምር 3 ለ 2 የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ወሰዱ።

"የመጀመሪያውን ጨዋታ በሜዳ መጫወት ነው የሚሻለው ወይስ የመልሱን? እዚህ ቡና ቤት ሁሌ የምንጨቃጨቅበት ነው።" (ከዋሽንግተን አካባቢ፣ የቆዩ አንባቢያችን)

አባታችን፣ ቁጥሩ የመልሱን ይላል። ከ2011 እስከ 2025 የቻምፒየንስ ሊጉ ፋይናል 12 ጊዜ ደርሶ መልስ ሆኗል፣ ከነዛ 9ኙን የወሰደው የመልሱን በሜዳው የተጫወተው ቡድን ነው። በሰው አገር ሄደው የጨረሱት ሶስቱ በ2012 አል አህሊ፣ በ2016 ሰንዳውንስ፣ በ2023 ደግሞ አል አህሊ ናቸው። በነገራችን ላይ የ2016ቱ ሰንዳውንስ መጀመሪያ በሜዳው ዛማሌክን 3 ለ 0 ጨርሶት ስለሄደ ግብፅ ላይ 1 ለ 0 ቢሸነፍም ምንም አልሆነም። እንደሱ የሚያደርግ ቡድን ካለዎት የመጀመሪያውን ይምረጡ፣ ከሌለዎት የመልሱን።

"የኛ ክለብ መቼ ነው እዚህ ፋይናል ላይ የምናየው?" (ከድሬዳዋ)

ሩቅ የደረሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ በ2017 የኮንጎውን ሊዮፓርድስ ጥሎ የቻምፒየንስ ሊጉ ምድብ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ፣ ከኤስፔራንስ፣ ከሰንዳውንስና ከቪታ ክለብ ጋር። ከዛ በኋላ ካፍ ስታዲየሞቻችንን ከለከለ። በ2023 ጊዮርጊስ ከአል አህሊ ሲደርሰው ሁለቱንም ጨዋታ ግብፅ ላይ ተጫውቶ ተሰናበተ። ደርሶ መልስ ውድድር ውስጥ "ደርሶ" ብቻ ይዘህ ምን ታደርጋለህ ወንድሜ? ከአሰልጣኝም ከውጪ ተጫዋችም በፊት ካፍ የሚያጸድቀው ሜዳ ያስፈልገናል፣ ሌላው ከዛ በኋላ ይወራል።

"ድምሩም እኩል፣ ከሜዳ ውጪ ያገቡትም እኩል ከሆነስ?" (ከአዳማ)

መለያ ምት። በ2004 የቱኒዚያው ኤትዋል ሳህል በሜዳው 2 ለ 1፣ ኢንዪምባም በሜዳው 2 ለ 1 አሸነፉ፣ ናይጄሪያዎቹ በመለያ ምት 5 ለ 3 ወሰዱት። በ1976 ደግሞ የጊኒው ሃፊያ በሜዳው 3 ለ 0 አሸንፎ አልጀርስ ላይ 3 ለ 0 ተሸነፈና ኤምሲ አልጀር በመለያ ምት 4 ለ 1 አሸነፈ፣ ለአልጄሪያ የመጀመሪያው ዋንጫ ነበር። ከዛ በፊት በ1967 የጋናው አሳንቴ ኮቶኮና የዛሬው ማዜምቤ፣ ያኔ ኢንግልበርት፣ 1 ለ 1 እና 2 ለ 2 ወጥተው፣ ያኔ ከሜዳ ውጪ የገባው ጎል ሳይታይ፣ ሶስተኛ ጨዋታ ካሜሩን ላይ ተቀጠረ፣ ኮቶኮ ሳይመጣ ቀረ፣ ዋንጫው ለኢንግልበርት ተሰጠ።