በሐሳብ ጭልጥ ስትሉ

ልጆቼ፣

አስተውሎትን፣ ማለትም አእምሮን አሁን በሚሆነው ነገር ላይ ማሳረፍን፣ መለማመድ ጀምረው ከሚተዉት ብዙዎቹ የሚሉት አንድ ነው፦ «ቁጭ ስል ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ፤ ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም።» ይህን ስሰማ አዝናለሁ። ልምምዱ ሊጀምር ሲል ነውና የተዉት።

በሐሳብ ጭልጥ ማለት የአእምሮ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት ሰዎችን በውሏቸው መሐል በስልክ እየጠየቁ ባደረጉት ጥናት፣ ከተጠየቁበት ጊዜ 47 በመቶ ያህሉን የተሳታፊዎቹ ሐሳብ ከያዙት ሥራ ውጭ ነበር። ሐሳብን በግድ ማባረርም አያዋጣም። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወሉን ምቱ» ቢሏቸው ደወሉ መላልሶ ጮኸ። «አልጨነቅም» እያሉ ከራስ ጋር መታገልም እንዲሁ ጭንቀቱን መቀለብ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ አንድ ሰዓት ይልቅ ይህ ይሻላል። ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት ይንኩ። ዐይናችሁን መጨፈን ካልፈለጋችሁ ከፊታችሁ ወለሉ ላይ አንድ ቦታ ተመልከቱ። ትንፋሻችሁ ጎልቶ የሚሰማችሁን አንድ ቦታ ምረጡ፤ የአፍንጫ ጫፍ ወይም ሆድ ሊሆን ይችላል። ትንፋሹን አታስተካክሉት፤ እንዳለ ተከተሉት። ሐሳብ ይዟችሁ መሄዱን ስታውቁ በአንድ ቃል ስም ስጡት፦ «ዕቅድ»፣ «ትዝታ»፣ «ስጋት»። ከዚያ ተመለሱ። በአምስት ደቂቃ ሃያ ጊዜ ብትሄዱ ሃያ ጊዜ ተመልሳችኋል፤ የሚጠነክረው ይህ መመለስ ነው።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ስሙን ከሰጡ በኋላ «ለምን ይሄ መጣብኝ?» ብሎ መመርመር ነው፤ ያን ጊዜ እንደገና ሐሳብ ውስጥ ገብታችኋል። ሌላው ራስን መውቀስ ነው። ወቀሳው ራሱ ሌላ ሐሳብ ስለሆነ እሱንም «ወቀሳ» ብላችሁ እለፉት።

ለብቻ መቀመጥ የማይሆንላችሁ እጅ ስትታጠቡ ጀምሩ። ውሃው መጀመሪያ ጣት ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል ወይስ ይሞቃል? ሳሙናው በጣቶቻችሁ መሐል ሲሙለጨለጭ፣ አረፋው ሲሳሳ ይሰማችኋል። ይህ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ሆኖም አረፋው ሳይታጠብ ነገ ስለሚደረግ ንግግር እያሰባችሁ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ። ተመለሱ።

ድንገተኛ ጭንቀት ሲይዝ ግን መፍትሔው ለየት ይላል። ብዙ ሰው «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባል አየር በኃይል ይስባል። ከመጠን በላይ መተንፈስ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንሰው ራስ ያዞራል፣ ጣት ይነዝራል፤ ሰውየውም ሊሞት የደረሰ ይመስለዋል። የሚረዳው ማስወጣቱን ማስረዘም ነው፤ አየር ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ይላልና። በዝግታ እስከ አራት እየቆጠራችሁ በአፍንጫ አስገቡ፤ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ፤ ለሦስት ደቂቃ ያህል ቀጥሉ። ከዚያ የእግራችሁን መዳፍ መሬት ላይ ጫን አድርጋችሁ የምታዩዋቸውን አምስት ነገሮች በስማቸው ጥሩ።

መብሰልሰል ከሁሉም ያታልላል፤ መፍትሔ እንደመፈለግ ይመስላልና። መለያው ቀላል ነው፦ ከአሥር ደቂቃ ማሰብ በኋላ ወረቀት ላይ የሚሰፍር አንድ እርምጃ ካልተገኘ መብሰልሰል ነው። በየቀኑ በመረጣችሁት ቋሚ ሰዓት ላይ፣ ከመኝታ ራቅ አድርጋችሁ፣ 15 ደቂቃ መድቡለት። በሌላ ሰዓት ሲመጣ በአንድ መስመር ጽፋችሁ ለዚያ አቆዩት። አልጋ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሡ፤ ደብዘዝ ባለ ብርሃን የማያነቃ ነገር ሠርታችሁ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሱ። ሰዓት አትዩ።

አሁን አጥብቄ የምነግራችሁ አለ። አስተውሎት የሕክምና ምትክ አይደለም። ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ይህን ልምምድ በሕክምና ቦታ ሲጀምረው እንኳ ሕመምተኞች ከሕክምናቸው ጎን ለጎን የሚከታተሉት ሥልጠና አድርጎ ነው። ከባድ ጉዳት ያለፈበት ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ሰውነቱን ሲያዳምጥ ያለፈው ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዐይናችሁን ግለጡ፣ አቁሙ፣ ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ብቻ ቀጥሉ።

የስሜት መውረድ ወይም ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣት ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ አብዛኛውን የቀኑን ክፍል ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትም ከተዛባ፣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይያችሁ። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ። መድኃኒት የምትወስዱም ተሻለኝ ብላችሁ በገዛ ፈቃዳችሁ አታቋርጡ።

ለቀጠሮው አንድ ገጽ ጻፉ፦ መቼ ጀመረ፣ ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ፣ ድሮ ትሠሩት የነበረ አሁን ያቃታችሁ ምንድን ነው። ባለሙያው ፊት ደርሳችሁ አፋችሁ ከተያዘ ወረቀቱን ስጡት፤ ከዚያ ይጀምራል።