የአባትሽን ፓርከር ለማንም እንዳትሰጪ

እህቴ፣ «የአባቴ ፓርከር 51 ብዕር ከሳጥን ወጣ፤ ቀለም ብሞላውም አልጽፍ አለኝ፤ የት ላሠራው?» ብለሽ ጠይቀሻል። የትም አትውሰጂው። እቤትሽ ይሠራል። የአጎቴን ፓርከር ይዤ ስንከራተት የከረምኩት እኔ ልንገርሽ።

1. ቀዝቃዛ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ አሳድሪው። የሞቀ ውኃ እንዳይነካው። ጠዋት ከጫፉ ሥር ሰማያዊ ክር እየተመዘዘ ሲወርድ ካየሽ እሰየው፤ የደረቀው ቀለም እየለቀቀ ነው። ውኃውን ቀይሪና ድገሚው።

2. የኋላ አካሉን ፍቺው። ብረት የለበሰ ቱቦና ጎኑ ላይ ቀጭን መጫኛ ካየሽ እድለኛ ነሽ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የመጣው ዓይነት ነው። ውኃ ውስጥ ነክረሽ መጫኛውን ጫን ለቀቅ አድርጊ፣ ንጹሕ እስኪወጣ። ከኋላ በኩል ጫፉ ላይ የሚጫን ቁልፍ ካለው ግን የቀድሞው ነው። የዚያኛው ቀለም መሳቢያ ጎማ በዕድሜ ስለሚደርቅ ውኃ ብቻውን አያድነውም።

3. አልኮልና በረኪና አታስጠጊ። እዚህ ጋ ስለ ሳሙና ልጽፍ ነበር፣ ንዴቴ ቀደመኝ። አንድ ሰዓት ሠሪ ብዕሩን ገና ሲያየው «ጫፉ ዝጓል» አለኝ። 14 ካራት ወርቅ ይዝጋል እንዴ? «ተወው፣ ቀለም ነው የደረቀበት» ስለው፣ «አንተ ነህ እኔ ባለሙያው?» ብሎ በፒንሳ ይዞ ጎተተው። የ51 ጫፍ እኮ ሽፋን ውስጥ የተደበቀ ነው! ሽፋኑ ይፈታል እንጂ አይጎተትም። ሽፋኑ ቀጭ አለና ተሰነጠቀ። «ድሮም ስንጥቅ ነበረው» ብሎ ሒሳቡን ጠየቀኝ፤ አፍንጫህን ላስ ብዬው ወጣሁ። በኋላ ሽፋኑን ውጭ ካለ ዘመድ አስመጥቼ፣ ማንም ሳይነካው ራሴ ገጠምኩት። ዛሬ የቢሮ ፊርማዬ ሁሉ በእሱ ነው፤ አለቃዬ ሳይቀር እየተዋሰ ይፈርምበታል።

ሳሙናው ቀላል ነው። ውኃ ብቻውን ካቃተው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብታ ጨምሪ፣ ከዚያ አለቅልቂው። ጫፉን ሶፍት ላይ አሳርፊው፤ እርጥበቱ ቀለም የሌለው ከሆነ ጨርሰሻል።

ቀለም ስትገዢ ደግሞ ጠርሙሱን አንብቢ። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብተሽ «ቀለም» ካልሽ ብዙዎቹ የማኅተም ቀለም ነው የሚያወጡልሽ። እሱም ሆነ ለስዕል የሚሆነው ጥቁሩ ቀለም ብዕርሽን መልሶ ይደፍነዋል። ኩዊንክ ወይም ፔሊካን 4001 የሚባለውን የብዕር ቀለም ፈልጊ፤ ካጣሽ ከውጭ ለሚመጣ ሰው አደራ በይ፣ ጠርሙሱን በደንብ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ይክተተው።