በ«ሰበር ዜና» የተሰበረው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ቴሌቪዥን ላይ «ሰበር ዜና» የሚል ጽሑፍ አንብባ «አባዬ፣ ምን ተሰበረ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ቃሉ ከየት መጣ? ከፍርድ ቤቱ «ሰበር ሰሚ ችሎት» ጋርስ ይዛመዳል?

መልስ፦ ልጅዎ ጆሮዋ ንቁ ነው። በአማርኛው ከሄድን የተሰበረ ነገር የለም። «ሰበር ዜና» የእንግሊዝኛው «ብሬኪንግ ኒውስ» ቃል በቃል ትርጉም ነው። እንግሊዝኛው «ብሬክ» ዱላ መስበር ብቻ አይደለም። ታምቆ የቆየ ነገር በድንገት ፈንድቶ ሲወጣም «ብሬክ» ይባላል። ወሬም፣ ንጋትም፣ ዝናብ ያረገዘ ሰማይም እንዲሁ። «ሰበረ» ግን ይህ ትርጉም የለውም። እኛ ዘንድ ጎህ ይቀዳል እንጂ አይሰበርም። ወሬም ይሰማል፣ ይወጣል፣ ሲደበቅ ደግሞ ያፈተልካል።

  

እንግሊዝኛ በዚህ አንድ ቃል የሚጠቀልለውን አማርኛ ለየብቻ ይጠራዋል። ብርጭቆ ይሰበራል፤ ገመድ ይበጠሳል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ሕግ ይጣሳል፤ ቃል ይታጠፋል፤ መቶ ብር ይዘረዘራል። ሁሉም በእንግሊዝኛ «ብሬክ» ናቸው። በጣም የምወዳት ግን «ቁርስ» ናት። እንግሊዞች የጠዋቱን ምግብ «ጾም መስበር» ብለው ሰየሙት። እኛም ከ«ቆረሰ» አወጣነው። እነሱ ጾሙን አዩ፣ እኛ ዳቦውን።

«ሰበር ሰሚ»ን ከዜናው ጋር አያምታቱት። ሐሳቡ የመጣው ከፈረንሳዮቹ «ካሳሲዮን» ነው፤ ፍርድ ቤቱን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1790 ነበር። «ካሴ» በፈረንሳይኛ ሰበረም፣ ፍርድ ሻረም ማለት ነው። እዚህ በእርግጥ የሚሰበር ነገር አለ። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበት የመጨረሻ ፍርድ ይሰበራል። ስለዚህ ስያሜው ልክክ ብሎ ገጥሟል።

እኔ ብጽፍ «ትኩስ ዜና» እላለሁ፤ ትኩስነቱን ማንም ሳይጠይቅ ይረዳዋል። «ሰበር ዜና» ግን ሰው ለምዶታል፤ አሁን ስህተት ነው ብዬ አልሟገትም። ለልጅዎ «ምንም አልተሰበረም፣ አሁን የተሰማ ወሬ ነው» ይበሏት።